የቅርፊት ቅማልን በክንፏ መለየት፦ ከግንዱ እስከ ቤተሰብ ስሟ

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ያረጀ ጽድ አጠገብ ቁሙ። ግንዱ ሽበት (ቅርፊት ላይ የሚበቅል ግራጫማ ልጣፍ፣ በእንግሊዝኛ ላይከን) ያወጣበትን ጎን ምረጡ። ዓይናችሁን ከቅርፊቱ አንድ ስንዝር ያህል አስጠግታችሁ ሳትነቃነቁ ጠብቁ። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ቆየት ብሎ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትንቀሳቀሳለች። ነፋስ አይደለም። ቅንጣቷ ስድስት እግር አላት። ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ከዚያ ወደ ጎን ሮጣ ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች።

ይህች ገና ያልደረሰች የቅርፊት ቅማል ናት። የአንዳንዶቹ ልጆች የጀርባ ጸጉር የሚያጣብቅ ነገር ያመነጫል። አቧራና የቅርፊት ፍርፋሪ ይለጠፍበታል። እንዲህ ለብሳ ስትቆም ከዛፉ መለየት አይቻልም።

ስሟ ቅማል ይሁን እንጂ ደም አትመጥም። ሰው አትነካም። የዛፍ ጭማቂም አትጠጣም። የምትበላው ቅርፊቱ ላይ የሚበቅለውን አልጌ፣ ሻጋታ፣ ሽበትና የሞተ ቅርፊት ነው። ዛፉን ታጸዳለች ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎረቤታችን ግቢው ውስጥ ያለ ጽድ ላይ መንጋቸውን አየ። «ዛፌን ሊጨርሱብኝ ነው» ብሎ የተባይ መድኃኒት ነፋበት። ዛፉ ግን ምንም አልነበረበትም። በማግስቱ ከግንዱ ሥር የረገፈውን አየሁት። ሸረሪቱም፣ ጢንዚዛውም፣ ሁለት ንቦችም አብረው አልቀዋል። እኔም ያን ጊዜ ምን እንደሆኑ አላውቅም ነበርና የምለው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አንድ ቃል ተናግሮ ሊያድናቸው ይችል ነበር።

ዛሬ የምንደርስበት ቦታ አንድ ነው። ከግንድ ላይ ያነሳናት ነፍሳት «ሶሲዴ» ከሚባለው አስተኔ፣ በቀላሉ ከዚያ ቤተሰብ፣ መሆን አለመሆኗን እንለያለን። በላቲን ሲጻፍ በ«ፒ» ይጀምራል፤ ፒው ግን አይነበብም። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ይህን አስታውሱ። ሶሲዴ ከቅርፊት ቅማሎች ቤተሰቦች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። በሁሉም አህጉር ማለት ይቻላል ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን መለየት የቻለ ሰው ለሌሎቹም በር ይከፈትለታል።

ምን ያስፈልጋችኋል?

ብዙ አይደለም። ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር፣ ቀጭን የሥዕል ብሩሽ፣ ክዳኑ የሚገጥም ትንንሽ ብልቃጥ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል፣ እርሳስና ጠንካራ ወረቀት። ለኋለኛው ሥራ ደግሞ ከ20 እስከ 40 እጥፍ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። የራሳችሁ ከሌላችሁ ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወዳጅ ጠይቁ። ስልክ ላይ የሚገጠም የማክሮ ሌንስም በጣም ይረዳል።

ብሩሹን ለምን አልኩ? እነዚህ ነፍሳት ገላቸው ለስላሳ ነው። በጣት ከያዛችኋቸው ይጨፈለቃሉ። በወረንጦ ከያዛችኋቸው ክንፋቸው ይቀራል። የብሩሹን ጫፍ አልኮል አስነክታችሁ ጀርባዋን ነካ ስታደርጓት ትጣበቃለች። ከዚያ ብልቃጡ ውስጥ መንከር ነው። ከመንከራችሁ በፊት ግን ፎቶ አንሷት። አልኮል ቀለም ያጠፋል። በሕይወት እያለች የነበራት ቢጫና ቡናማ መስመር ከጥቂት ሳምንት በኋላ አይኖርም።

ከግንድ ላይ ብቻ አትፈልጉ። የደረቁ ቅርንጫፎችም ብዙ ይይዛሉ። ነጭ ወይም ነጣ ያለ ጃንጥላ ገልብጣችሁ ከቅርንጫፉ ሥር ያዙና ቅርንጫፉን በዱላ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉ። የረገፈው ሁሉ ጃንጥላው ውስጥ ይገባል። እኔ ብዙ የማገኘው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ቅርፊቱ እርጥበት ሳይለቀው ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛና አሮጌ ግራር ጥሩ ናቸው። ቅርፊቱ ሸካራ ሆኖ ሽበት ያለበት ከሆነ ተስፋ አድርጉ። እንደ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን እየላጠ የሚጥል ዛፍ ላይ ግን ትንሽ ነው የሚገኘው።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ የቅርፊት ቅማል ናት?

እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ፊቷን እዩ።

የቅርፊት ቅማል ራሷ ትልቅ ነው። አንገቷ ቀጭን ስለሆነ ራሷን ወዲያና ወዲህ ታዞራለች። ከአፏ በላይ ያለው የፊቷ ክፍል ወደፊት አብጦ ይታያል። አንድ ጊዜ ካያችሁት አይረሳም። ዓይኖቿ በጎንና በጎን ወጣ ወጣ ያሉ ናቸው። አንቴናዋ እንደ ክር ቀጭንና ረጅም ነው። ክንፍ ያላት ከሆነች ክንፎቿን እንደ ቆርቆሮ ቤት ጣራ ገላዋ ላይ አዘቅዝቃ ትከድናለች። የሶሲዴ ቤተሰብ አባላት ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ነው።

አፏ ውስጥ ደግሞ እንደ መሮ ያሉ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። ቅርፊቱን ስትፍቅ በእነሱ ተደግፋ ነው። በአጉሊ መነጽር አይታዩም፤ ግን ራሷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ስትፍቅ ማየት ይቻላል። እኔ ሥራዬን አቁሜ ይህን ሳይ የቆየሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

አሁን ከሚመስሏት እንለያት። አብዛኛው ሰው የሚያምታታት ከክሽክሽ ጋር ነው። ክሽክሽ እንደ መርፌ የሾለ አፍ አላት፤ ዛፉን ወግታ ጭማቂውን ትጠጣለች። ስትነካ ቀስ ትላለች እንጂ አትሮጥም። ከሆዷ በስተኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ጉብታ ወይም ቱቦ አላት። የአንቴናዋ አንጓ ከ6 አይበልጥም። ከሥሯ ያለው ቅጠል ወይም መኪና የሚያጣብቅ ጣፋጭ ነገር ካለበት፣ ጉንዳንም ከተመላለሰ፣ ነገሩ ክሽክሽ ነው። የቅርፊት ቅማል ያንን አታወጣም።

ይህ ልዩነት ለእኛ አገር ቀልድ አይደለም። የፈረንጅ ጽድን የሚያደርቅ የጽድ ክሽክሽ አለ። በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ ከታየ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ ተስፋፍቶ ወደ እኛም ደርሷል። እሱ እውነተኛ ጠላት ነው፤ ቅርንጫፍ እያገረጣ ያደርቃል። እንግዲህ ሁለቱም አንድ ጽድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ አንዷ አጥፊ፣ አንዷ ንጹሕ። ፊት ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ክንፍ ያለው ምስጥም ያሳስታል። የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው፣ ጀርባው ላይም ተነባብረው ይተኛሉ። የቅርፊት ቅማል የኋላ ክንፎች ከፊተኞቹ በግልጽ ያንሳሉ። በነገራችን ላይ በዚህ የተሳሳተ ትልቅ ሰውም አለ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ቤት ውስጥ የምትኖር አንዲት የዚህች ዘመድ ሲሰይም ከምስጥ ወገን አስገብቷት ነበር። ጢንዚዛ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ጠንካራ ክዳን ነው፤ በጥፍር ሲነካ ይታወቃል። ስትነኳት እንደ ቁንጫ ብድግ ብላ ከዘለለች ሌላ ነገር ናት፤ ተዋት።

ሁለተኛ፦ ደርሳለች ወይስ ገና ነች?

ኩብኩባ የአንበጣ ልጅ ነው፤ አንበጣ ይመስላል፣ ክንፍ ግን የለውም። የቅርፊት ቅማል ልጆችም እንዲሁ ናቸው። እናታቸውን ይመስላሉ። እንደ ቢራቢሮ ሙሽራ (ፑፓ) ሆነው የሚተኙበት ዘመን የላቸውም። ብዙዎቹ ስድስት እርከን አልፈው ቆዳቸውን እየጣሉ ያድጋሉ። በመጨረሻዎቹ እርከኖች ትከሻቸው ላይ የክንፍ እምቡጥ ይወጣል።

ለእኛ ሥራ የደረሰች ታስፈልገናለች። ቤተሰቡን የሚነግረን ክንፏ ነውና። ሙሉ ክንፍ ካላት፣ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ደግሞ ሦስት ነጠብጣብ የሚመስሉ ትንንሽ ዓይኖች ከታዩ፣ ደርሳለች። በሌሎች ቤተሰቦች ውስጥ ደርሰውም ክንፍ የማያወጡ ሴቶች አሉ። እንዲህ ያለ ካጋጠማችሁ እዚያው አቁሙና «የቅርፊት ቅማል» ብቻ ብላችሁ መዝግቡ። ግማሽ ዕውቀት ጽፎ ማቆም በስሕተት ስም ከመሙላት ይሻላል።

ሦስተኛ፦ አንቴናውን ቁጠሩ

እዚህ ላይ ስለ ትልቁ ዘመድ ቤት ትንሽ ልበል። የቅርፊት ቅማሎች የሚገቡበት ክፍለ መደብ ዛሬ «ሶኮዲያ» ይባላል። ድሮ እነዚህ ነፍሳት «ሶኮፕቴራ» በሚባል የራሳቸው ክፍለ መደብ ነበሩ። የሰውና የእንስሳት ቅማል ደግሞ ለብቻው ሌላ ክፍለ መደብ ነበር። በኋላ የሰውነት ቅርጽና የዘር ቅንጣት ጥናት ሲጠራቀም ሁለቱን መነጠል እንደማይቻል ታወቀ። ደም የሚመጠውና የወፍ ላባ የሚበላው ቅማል ከእነዚሁ ውስጥ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። የቅርብ ዘመዱም አሮጌ መጽሐፍ ስትገልጡ የምትሮጠዋ፣ ገረጣ ያለችው፣ አንድ ሚሊሜትር የምታህለው ነፍሳት ናት። ያቺ የመጽሐፍ ቅማል ነች። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሻጋታ ትበላለች፤ እህል ጎተራ ውስጥም ትገኛለች። ለካ «ቅማል» የሚለው ስም ያለ ምክንያት አልተሰጣቸውም።

በነጻ የሚኖሩት ማለትም ጥገኛ ያልሆኑት ከ5,500 በላይ ዝርያዎች ናቸው። በሦስት ንዑስ ክፍለ መደቦች ይመደባሉ፤ ልዩነታቸውም በአንቴና አንጓ ቁጥር ይጀምራል። «ትሮጊዮሞርፋ» ከ20 በላይ አንጓ አላቸው። «ትሮክቶሞርፋ» አብዛኛውን ጊዜ 15 አካባቢ፣ በጠቅላላው ከ11 እስከ 17 ናቸው። «ሶኮሞርፋ» 13 ናቸው። ሶሲዴ ከሦስተኛው ውስጥ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ቁጥር 13 ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ከራሷ በኩል ጀምሩ። ሁለቱ መጀመሪያ ያሉት አንጓዎች አጭርና ወፍራም ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት 11 ቀጭንና ረጅም ናቸው፤ ወደ ጫፉ እያጠሩ ይሄዳሉ። ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝታችሁ ከጎን ብርሃን ስጡ። አንቴና ቶሎ ይሰበራል። 9 ካገኛችሁ «አዲስ ዝርያ አገኘሁ» አትበሉ፤ ጫፉን ተመልከቱ። ጫፉ እንደተቆረጠ ክር ደንዘዝ ካለ ተሰብሯል ማለት ነው። ለዚህ ነው ከአንድ መንጋ ቢያንስ አራት አምስት ማንሳት የሚያስፈልገው።

አራተኛ፦ ክንፉን አንብቡ

ዋናው ይህ ነው። ከዚህ በፊት ያለውን ሁሉ በፍጥነት ብታልፉት ይቅር እላለሁ፤ ይህን ግን ቀስ በሉ።

ከፊት ክንፎቿ አንዱን በቀጭን መርፌ ከሥሩ ለዩት። በመስታወት ላይ አንድ ጠብታ አልኮል ጣሉና ክንፉን አንሳፉበት። በሌላ ቀጭን መስታወት ክደኑት። ከሥሩ ነጭ ወረቀት አድርጉ። ወይም የስልክ ብርሃን ከታች ስጡት። ክንፉ እንደ ቀጭን ላስቲክ ያስተላልፋል፤ የክንፉ ሥሮች ደግሞ እንደ መንገድ ካርታ ይወጣሉ። በእርሳስ ሣሉት። ሥዕል አልችልም አትበሉ። የሚሣለው ውበት አይደለም፣ የትኛው ሥር ከየትኛው እንደሚገናኝ ነው።

በመጀመሪያ የፊተኛውን ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ጫፉ ሂዱ። ጫፉ ሳይደርስ ከሌላው የክንፍ ክፍል ይልቅ የጠነከረና ብርሃን የማያሳልፍ ባለ ሦስት ማዕዘን ቦታ ታገኛላችሁ። ስሙ ቴሮስቲግማ ነው። በሶኮሞርፋ ውስጥ እንዲህ ወፈር ብሎ ይታያል። ካገኛችሁት የአንቴናው ቁጥር ተረጋገጠላችሁ።

አሁን ወደ ኋለኛው ጠርዝ ተመለሱ። ከክንፉ መካከል አለፍ ብሎ አንድ ሥር ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ተመልሶ ጠርዙ ላይ ያርፋል። በሥሩና በጠርዙ መካከል እንደ በር ቅስት ያለች ትንሽ መስኮት ትፈጠራለች። ሳይንሳዊ ስሟ «አሪዮላ ፖስቲካ» ነው። እኔ ቅስት እላታለሁ። የቅርፊት ቅማሎች የቤተሰብ ስም ከዚህች ቅስት ላይ ይነበባል።

ከቅስቷ በላይ በክንፉ መሃል የሚያልፍ አንድ ዋና ሥር አለ። በላቲን ፊደል «ኤም» ይሉታል። ጥያቄው አንድ ነው፤ የቅስቷ ራስ ከኤም ጋር ምን አደረገ?

ቅስት ጭራሽ ከሌለ፣ የኋለኛው ጠርዝ ባዶ ከሆነ፣ «ፔሪፕሶሲዴ» ወይም «ኤክቶፕሶሲዴ» ናት። የኤክቶፕሶሲዴ ቴሮስቲግማ አራት ማዕዘን ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም የሚገኙት የደረቀ ቅጠል ላይ ነው። ቅስቷ ኖራ ራሷ ግን ኤምን ካልነካች፣ ብቻዋን ከቆመች፣ ብዙ ቤተሰቦች ይጠብቋችኋል። ክንፉ ላይ ጸጉር ከሌለ «ላኬሲሊዴ» ብላችሁ ጠርጥሩ፣ ሥሮቹ ላይ ጸጉር ከተሰለፈ «ሴሲሊዩሲዴ»። እነዚህን በዛሬው አንጨርስም። ቅስቷ ከኤም ጋር በአንዲት አጭር ድልድይ ከተገናኘች፣ ቴሮስቲግማውም እንዲሁ በድልድይ ከበታቹ ካለው ሥር ጋር ከታሰረ፣ «ስቴኖፕሶሲዴ» ናት።

ቅስቷ ራሷ ኤም ላይ ከተለጠፈችስ? ሁለቱ ሥሮች ለተወሰነ ርቀት አንድ ሆነው ከሄዱስ? ያን ጊዜ ልባችሁ ይምታ። ቅስቷ አሁን ክብ ራስ የላትም፤ ራሷ ጠፍጣፋ ነው፣ ጣራዋ ራሱ ኤም ነው። ከእሷ በላይም ዙሪያዋን የተዘጋች ሌላ መስኮት ትታያለች። የሶሲዴ ክንፍ ይህ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ያየሁት ማታ ነው። መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ነበር የምሠራው። ብርሃኑን ከታች ስለሰጠሁት ሥሮቹ ጥቁር፣ ክንፉ ወርቃማ ሆኖ ታየኝ። ሁለቱ ሥሮች ሲገናኙ አንድ ወፍራም መስመር ይሆኑና እንደገና ይለያያሉ። ሁለት ወንዞች ተቀላቅለው እንደሚሄዱት ማለት ነው። ያ መስመር አንድ አራተኛ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ያችን መስመር አይቶ «ይህች የእገሌ ቤት ልጅ ናት» ማለት መቻል ምን ያህል ደስ እንደሚል ለማስረዳት ይቸግረኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከኤም በላይ ያለው ሌላው ሥር ከኤም ጋር የሚገናኝበት መንገድ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። አንዳንዴ ተለጥፎ ይሄዳል፣ አንዳንዴ በነጥብ ይነካል፣ አንዳንዴ በድልድይ ነው። እሱ አያሳስባችሁ። የምንጠይቀው ስለ ቅስቷ ብቻ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የአንዷ ነፍሳት ግራና ቀኝ ክንፍ እንኳ ትንሽ ይለያያል። ስለዚህ ሁለቱንም እዩ።

አምስተኛ፦ የእግሯን ጫፍ ቁጠሩ

ቅስቷ ተለጥፋ ያገኛችሁ ጊዜ ገና አልጨረሳችሁም። ተመሳሳይ ክንፍ ያለው «ማዮፕሶሲዴ» የሚባል ቤተሰብ አለ። ክንፉ ብዙውን ጊዜ ዝንጉርጉር ነው፤ ነገር ግን በቀለም መተማመን አይቻልም። የሚለያቸው የእግር ጫፍ ነው።

ከቅልጥሟ በታች ያለውን የመጨረሻ ክፍል በማይክሮስኮፕ እዩ። ሁለት አንጓ ከሆነ ሶሲዴ፣ ሦስት ከሆነ ማዮፕሶሲዴ። ጫፍ ላይ ያሉት ጥፍሮች አይቆጠሩም። በሶሲዴ የመጀመሪያው አንጓ ረጅም ነው፣ ሁለተኛው አጭር። የኋላ እግሯን ምረጡ፤ ረዘም ስለሚል ይቀላል።

እዚህ ጋ ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ያልደረሱት ልጆች በሁሉም ቤተሰቦች ሁለት አንጓ ነው ያላቸው። ሦስተኛው የሚመጣው ሲደርሱ ነው። ስለዚህ የማዮፕሶሲዴን ልጅ አንስታችሁ «ሁለት ነው፣ ሶሲዴ ናት» ልትሉ ትችላላችሁ። ሁለተኛውን ደረጃ አጥብቄ የነገርኳችሁ ለዚህ ነበር።

በመጨረሻ ክንፉን እንደገና እዩት። የሶሲዴ ክንፍ ጸጉር የለበትም ማለት ይቻላል፤ ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። ኤም ወደ ጠርዙ ሲደርስ ለሦስት ይከፈላል። አሥራ ሦስት አንጓ፣ የተለጠፈች ቅስት፣ ጸጉር የሌለው ክንፍ፣ ሁለት አንጓ ያለው የእግር ጫፍ፤ እነዚህ አብረው ከመጡ ስሟን በድፍረት ጻፉ።

ከቤተሰብ በታችስ?

ሰው ቤተሰቡን ሲያገኝ ወዲያው ዝርያዋን ማወቅ ይፈልጋል። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። አንዳንድ ወገኖች በክንፍ ቀለም ፍንጭ ይሰጣሉ። ለምሳሌ «ትሪካዴኖቴክነም» የሚባለው ወገን ክንፉ ነጠብጣብ የበዛበት ነው፤ ወደ ጫፉ ባሉት መስኮቶች ውስጥ ነጥቦች ተደርድረው ይታያሉ። ነገር ግን እርግጠኛው መለያ ከሆዷ ጫፍ ያለው የመራቢያ አካል ነው። እሱን ለማየት መበለት፣ ማጽዳት፣ በጠንካራ ማይክሮስኮፕ መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ ልምድ ያለው ሰው እገዛ ፈልጉ። ፎቶ ብቻ አይቶ የዝርያ ስም የሚሰጣችሁን ሰው ግን በምን እንዳወቀ ጠይቁት።

በመንጋ የሚኖሩ አሉ፤ እነሱ ይቀላሉ። በአሜሪካ ምሥራቅና ደቡብ «ሴራስቲፕሶከስ ቬኖሰስ» የምትባል የሶሲዴ ዝርያ አለች። ልጆቿ ግራጫና ቢጫ መስመር አላቸው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ግንድ ላይ ይሰማራሉ። አንዱ ሲነካ ሁሉም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ሰዉ «የዛፍ ከብት» ይላቸዋል። ከአትላንታና ከሂውስተን ወገኖቻችን ፎቶ እየላኩ «ዛፋችን ታመመ ወይ?» ይላሉ። አልታመመም። እዚያው አካባቢ ግንዱን ከሥር እስከ ቅርንጫፍ በነጭ ድር የሚጠቀልል ሌላ የቅርፊት ቅማልም አለ፤ «አርኪፕሶከስ ኖማስ» ይባላል። ድሩ የሸረሪት ይመስላል፤ ግን ከአፋቸው የሚፈትሉት ነው። እሱ ሶሲዴ አይደለም፤ የራሱ ቤተሰብ አለው። እሱም ዛፉን አይጎዳም። ድሩ በጊዜው ይጠፋል።

መዝግቡ

ብልቃጥ ውስጥ ያለች ስም የለሽ ነፍሳት ምንም አትነግርም። በጠንካራ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉና ወረቀቱን ራሱን ብልቃጡ ውስጥ ክተቱት። በእስክሪብቶ ከጻፋችሁ አልኮሉ ያጥበዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰበሰብኩት አንድ ሳጥን በዚህ ምክንያት ሰማያዊ ውሃ ሆኖብኛል።

ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የዛፉን ዓይነት፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብላ እንደተገኘች፣ ቀኑንና የሰብሳቢውን ስም ጻፉ። ቀኑ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። «10/2/2017» ብትሉ ፈረንጅ ሲያነበው ሌላ ነው። እንዲህ ጻፉት፦ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.። ሁለቱም ሲኖሩ ማንም አይሳሳትም። ፎቶውን አይናቹራሊስት በሚባለው የተፈጥሮ ምልከታ ድረ ገጽ ላይ ብትጭኑት ሌሎች ያዩታል፤ የክንፉንና የእግሩን ፎቶ ካያያዛችሁበት ደግሞ የሚረዳችሁ ሰው አያጣም።

ያልደረሰችውን ምን እናድርጋት?

አቧራ ለብሳ የምትሮጠዋን ከመጀመሪያ አሳይቼ እስካሁን አላነሳኋትም። እሷን አልኮል ውስጥ አትክተቷት። አሳድጓት።

ሰፊ አፍ ያለው የመስታወት ማሰሮ ፈልጉ። ካገኛችሁበት ዛፍ ላይ ራሱ የወደቀ፣ ሽበት ያለበት ቁራጭ ቅርፊት ክተቱበት። በጥግ በኩል በውሃ የራሰ ትንሽ የጥጥ ቁራጭ አድርጉ። አፉን በቀጭን ነጠላ ጨርቅ እሰሩት። ፀሐይ አይምታው። በየሁለት ቀኑ ጥጡን እዩ፤ ከደረቀ አርጥቡት፣ ቅርፊቱ ነጭ ሻጋታ ከወረሰው ውሃ በዝቷልና ለውጡት። እነዚህ ነፍሳት ከአየር ላይ እንኳ እርጥበት መውሰድ ይችላሉ፤ ስለዚህ ብዙ ውሃ አይፈልጉም።

አንድ ጠዋት ቅርፊቱ ላይ ባዶ ቆዳ ተለጥፎ ታገኛላችሁ፤ ያ የአቧራ ልብሷ አብሮት ቀርቷል። አጠገቡ አንዲት ገርጣ ያለች ነፍሳት ቆማለች። ክንፏ ገና እርጥብና ነጭ ነው፤ ሥሮቹ አይለዩም። አትንኳት። እስከ ማግስቱ ጠብቋት። ክንፏ ሲጠነክርና ቀለም ሲይዝ መነጽሩን አንስታችሁ ከጎን ተመልከቷት፤ ጣራ አድርጋ የከደነችው ክንፍ የኋላ ጠርዝ ላይ ቅስቷ ወጥታ ትታያለች።